የመኪና ቀለም ጭረትን በእጅ ማጥፋትና ሰም መቀባት

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢዎች የታተመ)

  በቡድን የምታዳምጡ ወደ ሬዲዮው ጠጋ በሉ። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አውጡ። ዛሬ የምትጽፏቸው ጥቂት ቁጥሮች አሉን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ቀለም ነው። በመኪና ቀለም ላይ የሚወጡ ቀጫጭን ጭረቶችን በእጅ እንዴት እናጠፋለን? ከዚያስ በኋላ ቀለሙ እንዲጠበቅ ሰም እንዴት እንቀባለን? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንመልሳለን።

«እኔ መኪና የለኝ፤ ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በባጃጅ የሚተዳደር አለ። በላቫጆ መኪና እያጠበ ቤተሰቡን የሚረዳ አለ። በአይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ የሚሠራ አለ። ሞተር ብስክሌት ያለው አለ። ለእነዚህ ሁሉ የቀለም ነገር የእንጀራ ነገር ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት በላቫጆ ይሠራል እንበል። ባለመኪናው፣ «በሩ ላይ ያለችውን ጭረት አጥፋልኝ» ይለዋል። ወጣቱ ደንበኛውን ማስደሰት ይፈልጋል። በአቅራቢያው ያገኘውን የብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ይፈትጋል። ጭረቷ ትጠፋለች። ነገር ግን ቀለሙም አብሮ ይጠፋል። በበሩ ላይ መዳፍ የምታህል የገረጣች ቦታ ትቀራለች። እንግዲህ በሩ እንደገና መቀባት አለበት። ከማን ኪስ ይከፈል? ባለመኪናውና ወጣቱ ይጣላሉ። የብዙ ቀን ድካም በአምስት ደቂቃ ፍትጊያ ይሄዳል።

ስለዚህ የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። የተፋቀ ቀለም ተመልሶ አይበቅልም። ጨርቅ ከማንሳታችን በፊት ጭረቱን እናንብብ። አዎ፣ ጭረትም እንደ ፊደል ይነበባል። እንዴት እንደሚነበብ ቀስ ብለን እናያለን።

መንገዳችንና የመኪና ቀለም

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ አስፋልቱን ትቶ ወደ ገጠር የሚገባ መኪና፣ ለምሳሌ ቡና ወደሚበቅልበት ወደ ኑኑ ቁምባ የሚሄድ፣ ሦስት የቀለም ጠላቶች ይገጥሙታል።

አንደኛው ቁጥቋጦና እሾህ ነው። መንገዱ ሲጠብ ቅርንጫፉ ግራና ቀኝ በሩን እየጫረ ያልፋል። ሁለተኛው አቧራ ነው። በበጋ ቀዩ አፈር ይቦናል። አቧራው ለዓይን ልም ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለበት። አሸዋ ደግሞ ከመኪና ቀለም እጅግ ይጠነክራል። ሦስተኛው ዝናብና ጭቃ ነው። በነቀምቴ አካባቢ በዓመት 2,000 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። ቀለሙ ተፍቆ ላሜራው ከተገለጠ፣ ይህ ሁሉ ውኃ ዝገት ያመጣበታል። ላሜራ ማለት መኪናው የተሠራበት ስስ ብረት ነው።

ያረጀ መኪና ጥሎ ሌላ መግዛትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ አውቶሞቢሎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በቀር ወደ አገር እንደማይገቡ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ። ስለዚህ ያለንን መኪና ይዘን መቆየት አለብን። ለመቆየት ደግሞ ቀለሙ ይቆይ።

ቀለም ስንት ልብስ አለው?

የመኪና ቀለም አንድ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። እንደ ሰው ልብስ ተደራርቦ ነው የሚለበሰው።

ከሥር ላሜራው አለ። በላዩ ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም ይቀባል። አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ነው። ከእርሱ በላይ የምናየው ቀለም ይመጣል፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ከሁሉም በላይ እንደ ብርጭቆ የጠራ ሽፋን አለ። በጋራዥ «ክሊር» ይሉታል። መኪናው የሚያበራው በዚህ ሽፋን ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ጻፉ። ማስመሪያ ላይ ያሉት የትንንሾቹ መስመሮች ርቀት አንድ ሚሊሜትር ነው። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም፣ ሁሉም ሽፋኖች ተደምረው፣ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናሉ። ክሊሩ ብቻውን 0.04 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? አንዷን ሚሊሜትር መቶ ቦታ ብትከፍሏት፣ ክሊሩ ከመቶው አራቱን ያህል ብቻ ነው። ከራስ ጠጉር ይቀጥናል።

ገበሬዎች ይህን ነገር በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የማሳችሁ ለም አፈር ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው አይደል? ጎርፍ ጠርጎ ከወሰደው ከሥር ያለው አያበቅልም። ክሊርም እንደዚሁ ነው። ጭረት ባጠፋን ቁጥር ከላይ ካለው ስስ ሽፋን ትንሽ እንወስዳለን። ደጋግመን ከወሰድን ያልቃል።

ክሊር የሌላቸው መኪናዎችም አሉ። ብዙዎቹ የድሮ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በከተሞቻችን ገና የሚታዩት አሮጌ ቮልሶች፣ ሲሠሩ ክሊር አልነበራቸውም። ከላይ ያለው ራሱ ቀለሙ ነው። ለመለየት፣ በማይታይ ቦታ ላይ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፣ ክሊር የለውም ማለት ነው። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ከቀረ፣ ክሊር አለው። መኪናው ራሱ ነጭ ከሆነ ግን ይህ ፈተና አይለይላችሁም፤ ባለሙያ ጠይቁ።

ጭረት ለምን ይታያል?

የረጋ ኩሬ ውኃ ስታዩ ፊታችሁ ይታያችኋል። ነፋስ ሲነፍስና ውኃው ሲናወጥ ፊታችሁ ይጠፋል። ውኃው ያው ውኃ ነው። የተለወጠው የላዩ ልስላሴ ነው። ለስላሳ ነገር ብርሃንን በአንድ ወገን ይመልሳል። ሻካራ ነገር ግን ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል።

የመኪና ቀለምም እንደዚሁ ነው። በጭረቱ ጠርዝ ላይ ብርሃን ይበተናል። ስለዚህ ጭረቱ ነጣ ብሎ ይታያል። በፀሐይ ላይ ጥቁር መኪና ብታዩ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሆኑ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። እነዚህ የመጡት በአብዛኛው ከእሾህ አይደለም። ከእኛው እጅ ነው። አቧራ የለበሰውን መኪና በደረቅ ጨርቅ ስንጠርገው፣ አሸዋውን ይዘን ቀለሙን እንጭረዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለወላጆች። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ያገኙት ነገር ላይ ሁሉ መጻፍ ይወዳሉ። አቧራ የለበሰ መኪና ሲያዩ በጣታቸው «ሀ ሁ» ይጽፉበታል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጣቱ አሸዋውን በቀለሙ ላይ ይጎትተዋል። መኪናው ከታጠበ በኋላ ፊደሉ በፀሐይ ላይ ይነበባል። ልጆቹን አትቆጡ። ደብተር ስጧቸው።

ጭረቱን የምናነብባቸው ሦስት ፈተናዎች

መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ እነዚህን ሦስት ነገሮች አድርጉ።

አንደኛ፣ የውኃ ፈተና። ጭረቱን በውኃ አርጥቡት። ሲርስ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ፣ ጭረቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው። ይህ በእጅ ሊጠፋ ይችላል። ርሶም ከታየ ወደ ውስጥ ዘልቋል።

ሁለተኛ፣ የጥፍር ፈተና። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አቋርጣችሁ በቀስታ አሳልፉት። ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ ጭረቱ ቀላል ነው። ጥፍሩ ከተያዘ ጥልቅ ነው። ጥልቁን ጭረት በፍትጊያ ለማጥፋት አትሞክሩ። ከሥሩ እስክትደርሱ ድረስ ክሊሩን ትጨርሱታላችሁ።

ሦስተኛ፣ የዓይን ፈተና። በጭረቱ ውስጥ ምን ቀለም ይታያል? ግራጫ ከሆነ የመጀመሪያው ቀለም ላይ ደርሷል። የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ከሆነ ላሜራው ተገልጧል። ይህ የጨርቅ ሥራ አይደለም። ዝገቱ መነሣት አለበት፤ ከዚያ ዝገት መከላከያው፣ ከዚያ ቀለሙ ይቀባል። ይህን ለቀለም ቀቢ ተዉት። እስከዚያው ግን ውኃ እንዳይገባበት አድርቃችሁ ጠብቁት፤ ሳምንት አታሳድሩት።

ቀለም ለመግዛት ስትሄዱ ደግሞ ማንበብ ይጠቅማችኋል። ብዙ መኪናዎች የቀለማቸው ቁጥር በሩ ሲከፈት ወይም ኮፈኑ ሲነሣ በሚታይ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። «ነጭ ስጡኝ» ብቻ ብትሉ አይበቃም። ነጭ ብዙ ዓይነት ነው። ለምሳሌ የብዙ ነጭ ቶዮታዎች የቀለም ቁጥር 040 ነው። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ሂዱ። ከፊት ያለውን ዜሮ አትርሱ።

የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ምን ይናገራል?

በብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። 80፣ 400፣ 1500፣ 2000 ይላል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲያድግ ሻካራነቱ የሚያድግ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይልማል።

ወንፊትን አስቡ። በአንድ ስንዝር ውስጥ ጥቂት ቀዳዳ ያለው ወንፊት ሻካራ ዱቄት ያሳልፋል። ብዙ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ልም ዱቄት ያወጣል። የወረቀቱ ቁጥርም መነሻው የወንፊት ቀዳዳ ቆጠራ ነው።

አሁን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩ። ቁጥር 80 ወረቀት ላይ ያለው አንድ የአሸዋ ፍሬ 0.2 ሚሊሜትር ያህላል። ክሊሩ 0.04 ሚሊሜትር ነው ብለናል። 0.2 ለ0.04 ሲካፈል ስንት ነው? አምስት። ስለዚህ የአሸዋው ፍሬ ከክሊሩ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ያ በላቫጆ ያየነው ወጣት መኪናውን ያበላሸው በዚህ ነው። ቁጥር 2000 ወረቀት ላይ ያለው ፍሬ ግን 0.01 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይኸኛውም ቢሆን በውኃ እየራሰ፣ ልምድ ባለው እጅ ብቻ የሚሠራበት ነው። ለጀማሪ የምንመክረው የብርጭቆ ወረቀቱን ጨርሶ እንዲተወው ነው። ለቀጫጭን ጭረት ፖሊሽ ይበቃል።

ፖሊሽ በጣሳ ወይም በጠርሙስ የሚሸጥ፣ እንደ ወፍራም ቅባት ያለ ነገር ነው። በውስጡ እጅግ የላመ መፈተጊያ ዱቄት አለበት። ጠንከር ያለው «ኮምፓውንድ» ይባላል። ሁልጊዜ በለስላሳው ጀምሩ። ካልሠራ ብቻ ወደ ጠንካራው እለፉ። ማጭድ የሚስል ሰው በሻካራው ድንጋይ ጀምሮ በልሙ ይጨርሳል። የመኪና ቀለም ግን እንደ ማጭድ ብረት አይደለም። ለእርሱ መጀመሪያ የሚሞከረው ልሙ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ሁለት ባልዲ፣ ለመኪና የተሠራ ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ አምስት ወይም ስድስት ንጹሕና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ አንድ ጣሳ ፖሊሽ፣ አንድ ጣሳ የመኪና ሰም። አሮጌ ካናቴራ ጥሩ ጨርቅ ይሆናል። ነገር ግን ቁልፍ፣ ዚፕና ወፍራም ስፌት ያለበትን ቆርጣችሁ ጣሉ። ይጭራል።

አጠባው

መኪናውን በጥላ አቁሙት። ላሜራው ይቀዝቅዝ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሻላል። በወንዝና በምንጭ ውስጥ አትጠቡ። ቅባቱና ሳሙናው ከታች ለሚቀዳው ሰውና ለሚጠጣው ከብት ይተርፋል።

መጀመሪያ ውኃ ብቻ አፍስሱበት። አቧራው ራሱ ይውረድ። ከዚያ በስፖንጅ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ጣሪያው ይቅደም፤ ከዚያ መስታወቱ፣ ኮፈኑ፣ በሮቹ፤ በመጨረሻ የጎማው አካባቢ። ከታች ያለው ጭቃ ብዙ አሸዋ ስላለበት ስፖንጁን ከዚያ ወደ ላይ አትመልሱት።

ሁለት ባልዲ ያልነው ለምንድን ነው? በአንዱ የሳሙና ውኃ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይኑር። ስፖንጁን መጀመሪያ በንጹሑ አለቅልቁት፤ ከዚያ ሳሙናው ውስጥ ንከሩት። ያለበለዚያ ያነሣችሁትን አሸዋ መልሳችሁ ለቀለሙ ታቀርቡለታላችሁ። ካጠባችሁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ከዚያ እጃችሁን በስስ ፌስታል ውስጥ አግብታችሁ ቀለሙን ዳብሱ። ፌስታሉ የማይታየውን ሽክርታ ያሳውቃችኋል። ከሸከረ ገና አልጸዳም። ደግማችሁ እጠቡ።

አሻሹ

መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ታችኛው ጠርዝ አጠገብ፣ መዳፍ በምታህል ስፋት ሞክሩ። መልካም ከሆነ ወደ ጭረቱ እለፉ።

ጨርቁን አራት እጥፍ አድርጋችሁ እጠፉት። የባቄላ ፍሬ የምታህል ፖሊሽ አድርጉበት። በአንድ ጊዜ ከሁለት ስንዝር ያልበለጠ ቦታ ያዙ። መካከለኛ ጉልበት ተጠቀሙ። ጨርቁን በቀጥታ ወዲያና ወዲህ አሹት፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። ክብ እያደረጋችሁ አትሹ። ጥቃቅን መስመሮች ቢቀሩ እንኳ ቀጥ ያሉት ለዓይን ብዙ አይታዩም።

ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ካሻችሁ በኋላ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና እዩ። ጭረቱ ቀንሷል? ድገሙ። ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ካልቀነሰ አቁሙ። ጭረቱ ለእጅ ሥራ ጥልቅ ነው ማለት ነው። ግማሽ የጠፋ ጭረት ከተበሳ ክሊር ይሻላል።

ጠርዝ ላይ ተጠንቀቁ። በበር ጠርዝ፣ በኮፈን ጠርዝና በጎበጠ ቦታ ላይ ቀለሙ ይሳሳል። እነዚህን በፕላስተር ሸፍኗቸው ወይም እጃችሁን አቅልሉ።

አንድ ሕግ በትልቁ ጻፉልን። መሬት የወደቀ ጨርቅ አይመለስም። አሸዋ ይዟልና። አራግፌዋለሁ ብላችሁ አትታለሉ። ሌላ ጨርቅ አንሡ፤ የወደቀው ታጥቦ ለሌላ ቀን ይሁን።

በእጅ መሥራት ጊዜ ይወስዳል። አንድ በር አንድ ሰዓት ቢፈጅ አይግረማችሁ። ነገር ግን የእጅ ሥራ አንድ መልካም ነገር አለው። ማሽን በፍጥነት ስለሚዞር ቀለሙን ያግላል፤ ላልለመደ ሰው በቅጽበት ያቃጥልበታል። እጅ ግን ቀስ ስለሚል ስሕተት ሳይበዛ ይታያል።

ሰም ለምን ይቀባል?

ፖሊሽና ሰም አንድ አይደሉም። ፖሊሽ ይወስዳል፤ ሰም ይጨምራል። ፖሊሽ ከላይ ያለውን ሽፋን በጥቂቱ ፈትጎ ያስተካክላል። ሰም ግን ምንም አይፍቅም። በቀለሙ ላይ ስስ ልብስ ሆኖ ይቀመጣል።

እናቶች ምጣዱን በጎመን ዘር ያሰሱታል። ለምን? እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። ሰምም ለመኪና እንደዚሁ ነው። ጭቃው፣ የወፍ ኩሱ፣ የዛፍ ሙጫው በቀለሙ ላይ በቀላሉ አይጣበቅም። በሚቀጥለው አጠባ ቶሎ ይለቃል። ቶሎ ከለቀቀ ብዙ አንፈትግም። ብዙ ካልፈተግን አዲስ ጭረት አይመጣም። የሰም ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

«ማርና ሰም ሞልቶን የለም ወይ? ለምን የንብ ሰም አንቀባም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። አገራችን ከአፍሪካ ብዙ ማርና ሰም ከሚያመርቱት አንዷ ናት። ወለጋም የቀፎ አገር ነው። ነገር ግን የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። በፀሐይ የቆመ የጥቁር መኪና ኮፈን እጅ እንኳ አያስነካም። ስለዚህ የንብ ሰም ብቻውን ይሟሽሽና አቧራ ይይዛል። ለመኪና ሰም በብዛት የሚገባው ካርናውባ የሚባል ሰም ነው። በብራዚል አገር ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ ይገኛል። የሚቀልጠው በ82 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ከዘይትና ከሌሎች ነገሮች ጋር ያዋሕዱታል፤ አንዳንዶቹ የንብ ሰምም ይጨምሩበታል። ሻማ አቅልጦ መቀባት ግን አይሆንም።

ሰም አቀባቡ

መኪናው የታጠበ፣ የደረቀና የቀዘቀዘ ይሁን። በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ጥቂት ሰም ያዙ። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ብዙ ሰም ማለት ብዙ ጥበቃ ማለት አይደለም። የበዛው ይጋገራል፤ ለመጥረግም ያስቸግራል። ሁለት ጊዜ ስስ መቀባት አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት ይሻላል።

ከዚያ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ ጠብቁ። ጣሳው ላይ ያለውን ማንበብ የምትችሉ አንብቡ፤ በውጭ ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሰሙ ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በጣታችሁ ጫፍ ነካ አድርጉት። ጣታችሁ የነካው ቦታ ሳይዝረከረክ ጠርቶ ከታየ ደርሷል። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ወልውሉት። ጨርቁን እያገላበጣችሁ ተጠቀሙ።

መስታወት ላይና ጥቁር ፕላስቲክ ላይ አትቀቡ፤ ነጭ ምልክት ይተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በፍሬን ዲስክ፣ በጎማ መርገጫና በሞተር ብስክሌት መቀመጫ ላይ ሰም ፈጽሞ እንዳይነካ። ፍሬኑ አይይዝም፤ ነጂው ይንሸራተታል። ይህ የውበት ነገር አይደለም፤ የሕይወት ነገር ነው። ሰምና ፖሊሽ እሳትም ስለሚይዙ ከምድጃና ከልጆች አርቃችሁ አስቀምጡ።

ሰሙ መኖሩን በምን እናውቃለን? የጎደሬ ቅጠል ላይ ውኃ ጠብ ስታደርጉ ምን ይሆናል? እንደ ዶቃ ይንከባለላል እንጂ ቅጠሉን አያርሰውም። ቅጠሉ የተፈጥሮ ሰም አለው። ሰም የተቀባ መኪናም ዝናብ ሲነካው ውኃው እንደዚያ ዶቃ ይሆናል። ውኃው ተዘርግቶ ከተኛ ሰሙ አልቋል። በእኛ አየር ሁለት ወይም ሦስት ወር ከቆየ ጥሩ ነው። ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀቡ። አንዱ ክረምቱ ሳይከብድ በግንቦት፣ ሌላው ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ይሁን።

ከማይሆኑ ልማዶች እንጠንቀቅ

በናፍጣ በነከሩት ጨርቅ መኪና የሚወለውሉ አሉ። ለጊዜው ያበራል። ነገር ግን አቧራ ይስባል፤ የበሩንም ጎማ ይጎዳል። በኦሞ የሚያጥቡ አሉ። ኦሞ ለልብስ ነው፤ የቀባነውን ሰም አጥቦ ያወርደዋል። በአመድ፣ በአሸዋና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የሚፈትጉ አሉ። እነዚህ ጭረት ያበዛሉ እንጂ አያጠፉም። የጥርስ ሳሙናም ጥቂት የመፈተግ ኃይል ስላለው በጣም ቀላል ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል። ነገር ግን ለጥርስ ተሠራ እንጂ ለመኪና አልተሠራም።

በላቫጆና በጋራዥ ለምትሠሩ አንድ ቃል አለን። ደንበኛ ሲያዛችሁ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ጭረቱን አንብቡለት። ጥፍራችሁን አሳልፉና አሳዩት። ከተያዘ እንዲህ በሉት፦ «ኦቦ፣ ይቺ ጭረት ጥልቅ ናት። በእጅ አትጠፋም። ብፈትጋት ቀለምዎን እጨርሰዋለሁ። የቀሩትን ቀጫጭኖቹን ላጥፋልዎና ሰም ልቀባልዎ።» ደንበኛው ለጊዜው ቅር ይለው ይሆናል። ግን ይመለሳል። «አልችልም» ማለትን በቦታው የሚያውቅ ሠራተኛ እምነት ያተርፋል። እምነት ደግሞ የሙያ ግማሹ ነው።

ለማስታወስ

የተናገርነውን በአጭሩ እንድገመው። ቀለሙ ስስ ነው፤ የተፋቀው አይመለስም። መጀመሪያ በውኃ፣ በጥፍርና በዓይን ጭረቱን እናንብብ። አጥበን፣ በጥላ፣ በለስላሳ ፖሊሽ እንጀምር። ሦስት ጊዜ ሞክረን ካልጠፋ እናቁም። መሬት የወደቀውን ጨርቅ አንመልስ። በመጨረሻ ስስ ሰም እንቀባ።

አሁን በቡድናችሁ ተወያዩ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

1. ቁጥር 400 እና ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት ቢቀርብላችሁ፣ የትኛው ይልማል? በምን አወቃችሁ?

2. በመኪናው በር ላይ ያለው ጭረት ሲርስ ጠፋ፤ ጥፍርም አልያዘም። ምን ታደርጋላችሁ?

3. በሌላ ጭረት ውስጥ ቡናማ ነገር ታየ። ይህንስ ለማን ትሰጡታላችሁ? ለምን?

4. በፖሊሽና በሰም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በራሳችሁ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

5. በሠፈራችሁ መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች አሉ? ከዛሬው ትምህርት የትኛውን ትነግሯቸዋላችሁ?

ማንበብ የጀመራችሁ፣ ይህችን ጽሑፍ ለማያነቡት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ለዛሬ ያዘጋጀንላችሁ ይህን ይመስል ነበር። በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።